ዳማ ያገኘችው አጋዘን

«ልጅሽ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ገባ?»

ስሂን አታውቅም። ሁለት ሥራ ሠርታ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ጠያቂው አቶ ልዑልሰገድ ናቸው፤ ድሮ መርማሪ ፖሊስ፣ ከጡረታ ወዲህ ደግሞ ዳማ በምትባል አሮጊት ውሻቸው የቆሰለ አጋዘን ለአዳኞች የሚፈልጉ ሰው።

የስሂን ወንድም ገላው ከአደን ሳይመለስ አድሮ ነበር። ጠዋት ሚስቱ ሳሌም ድረሱልኝ ብላ ስትጠራቸው፣ አቶ ልዑልሰገድ «የቆሰለውን አጋዘን ተከትሎ ሄዶ ይሆናል» ብለው ዳማን በአጋዘኑ የደም ዱካ ላይ ለቀቋት። በበልትስቪል ጫካ መሐል ገላው ፍላጻ ጭኑን በስቶት፣ ደሙ አልቆ ተገኘ።

አብረውት ያደኑት ሁለት ናቸው፤ ጓደኛው ልሳነወርቅና ያለው የሚባለው የስሂን ልጅ። የሦስቱም ፍላጻ አንድ ዓይነት ነው። ሊመሽ ሲል ያለው አጋዘኑን አቆሰለ፤ ተበታትነው ፈለጉት። ሁለቱም «አጣሁትና ወደ ቤት ገባሁ» ይላሉ። ጉዳዩን የያዘችው አሜሪካዊት ፖሊስ ግን የምትጠረጥረው ያለውን ነው፤ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያየ ሰው አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የስሂን ሳሎን ውስጥ ሁሉም ከፖሊሷ ጋር ተቀምጠዋል።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አሉት አቶ ልዑልሰገድ።

«ቢላዋ» አለ ያለው። «ያዝ ይለኛል። ሳይሞት ደርሰህ ካላረድከው በክት ነው፣ አይበላም ይለኛል። አይ ካንት፣ አልችልም ጋሼ። ደም ሳይ ያዞረኛል።»

«ደም እየፈሩ አደን!» አለ ልሳነወርቅ።

ያለው እጆቹን ኪሱ ከተተ። ስሂን አየችው። ለምን ደበቃቸው? ልትጠይቀው ፈልጋ ፈራች፤ እሱም ዓይኗ እጆቹ ላይ እንዳረፈ አየ።

ሳሌም ከጥግ ጮኸች፤ «ለአንድ በክት ብሎ ሞተብኝ!»

«በክትስ አይደለም» አላት ልሳነወርቅ ሊያጽናናት። «በስመ አብ ተብሎ ታርዷል።»

አቶ ልዑልሰገድ ቀና አሉ።

«ሬሳውን ካገኘን በኋላ ዳማ ገመዷን እየጎተተች አስቸገረችኝ። የጀመረችውን ዱካ ሳትጨርስ አትመለስም። ፖሊሷን አስፈቅጄ ተከተልኳት። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን አጋዘኑ ወድቋል፤ አንገቱ ታርዷል። ቅጠሉ በደም ርሷል፤ የሞተ ቢታረድ እንዲያ አይደማም። ስለዚህ አንድ ሰው አጋዘኑ ሳይሞት ደርሶበታል። ገላው አይደለም፤ የእሱ ቢላዋ ጠብታ ደም የለበትም። ይህን ያየነው እኔና ፖሊሷ ብቻ ነን፤ ለማንም አልተናገርንም። ልሳነወርቅ፣ አንተ መታረዱን በምን አወቅህ?»

ልሳነወርቅ አንገቱን ደፋ።

«ሰው መውጋቱን ያወቀ አጋዘን ለማረድ አይቆምም» ቀጠሉ። «አላወቅህም ነበር። ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ አጋዘኑ መስሎህ ፍላጻህን ወረወርክ። ወደፊት ስትሮጥ አጋዘኑን ወድቆ አገኘኸው፤ እኔ ጣልኩት ብለህ አረድከው። ገላውን ያየኸው ፍላጻህን ልትፈልግ ስትመለስ ነው።»

«ነፍሱ ነበረች?» አለች ሳሌም።

«ነበረች።» ልሳነወርቅ ቀና ብሎ አላያትም። «ናይን ዋን ዋን ልደውል ስልኬን አወጣሁ። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም… መልሼ ከተትኩት።»

አቶ ልዑልሰገድ ለፖሊሷ ቀስ ብለው ተረጎሙላት። ስሂን ልጇን ልታቅፍ ተነሳች። ያለው ወደኋላ አለ።

«እማ፣ አንቺም ሰስፔክት አድርገሽኝ ነበር።»

ስሂን የዘረጋቻቸውን እጆቿን ሰበሰበች።

ልሳነወርቅን ወሰዱት። ያለው በሳምንቱ ልብሱን ጠቅልሎ ሴቨን ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቶ ገባ። እቤት ስሂንና ለልቅሶው እሷ ዘንድ የከረመችው ሳሌም ብቻ ቀሩ።