ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሞ

ሰውየውን ገና በር ላይ ቆሞ ሲያስነጥስ ነው የወደድኩት። ለራሴ አይደለም፣ ኧረ ወዲያ! ለአክስቴ።

ቆይ፣ አክስቴን ሳላስተዋውቃችሁ። የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ሥራዋ ሩቅ አገር ስለሆነ የምንኖረው እኔና አክስቴ ብቻ ነን። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ትልቅ ዝምታ። አክስቴ ራቷን የምትበላው መስኮቱ ጋ ቆማ ነው፣ ውጭ ውጭውን እያየች። «ተቀመጪ እንጂ» ስላት «ደህና ነኝ» ትላለች። አሁን ደህና የሆነ ሰው እንደዛ ይላል?

የምትሠራው ምድር ቤት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ እምምም የሚል ፓምፕ፣ መሃሉ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል የብረት አውሬ። ሞለኪውል ይመዝናል። በዓይን የማይታየውን ነገር እኮ ነው የምላችሁ! ከትምህርት ቤት ስወጣ ባዶ ቤት መግባት ስለሚያስጠላኝ እዛ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

ሰውየው የመጣው ከሌላ ከተማ ነው፣ በአክስቴ ማሽን ሊጠቀም። እኔ «እንግዳው» አልኩት፣ ስሙ በዛው ቀረ። በትንሽ ብልቃጥ ፕሮቲን ይዟል፤ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ያጣራው፣ ሌላ ጠብታ የሌለው። ፕሮቲኑ ሳይሰበር በወርቅ በተለበጠች የጥፍር ታህል ቁራጭ ላይ እንዲያርፍለት ነው የሚፈልገው፣ ከዛ ቅርጹን ሊያይ።

«እንዴት ነው የሚሰበረው?» አልኩት። ዝም ማለት መቼ ችዬ!

«ብርጭቆ ወለል ላይ ብትወረውሪ ምን ይሆናል?»

«ድቅቅ!»

«በቃ። ፕሮቲኑን ኤሌክትሪክ ሰጥተን አዮን እናደርገውና ወደ ወርቋ እንልከዋለን። ሲበር ከመጣ ይደቃል። ስለዚህ አክስትሽ ወርቋ ላይ ቮልት ትለቅና ወደኋላ ትገፋዋለች፣ ፍጥነቱ እንዲበርድ። ልክ ሲሆን እንደ ላባ ቀስ ብሎ ያርፋል።»

«ብዙ ከገፋችውስ?»

አክስቴ ፊቷን ሳታዞር መለሰች። «አጠገቧ ይደርስና ይመለሳል። ሳይነካት።»

ፓምፑ ብቻ እምምም። እንግዳው አያት። የሚታየው ማጅራቷ ብቻ ነው፣ ግን አያት፣ አያት፣ ወይኔ እንዴት እንዳያት!

ሲያወሩ ብትሰሟቸው ደግሞ በሳቅ ትሞታላችሁ። «ሻይ ላምጣልዎት?» «አይ፣ እርስዎ ይጠጡ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።» ሻዩ በረዶ ሆነ እኮ! እንደ ሽማግሌ! አንድ ቀን ግን «ቤቴ ውስጥ የማወራው ከማቀዝቀዣዬ ጋር ብቻ ነው» አላት። «ሌሊት ሲያጉረመርም ‹እሺ፣ ገባኝ› እለዋለሁ።» አክስቴ ሳቀች። እናቴ ከሄደች ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። ደብተሬን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ፕሮቲኑ ካረፈለት ማታውኑ አውቶብስ ይሳፈራል። አክስቴ የፕሮቲኑ ፈሳሽ የሚረጭበት ቀጭን ቱቦ እንዳይደፈን ከሱ ላይ አልተነሳችም፤ እንግዳው ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ ስንት አዮን እንዳረፈ የሚያሳየው ቆጣሪ አጠገብ ተቀምጧል።

ከትምህርት ቤት ስደርስ ብልቃጡ ባዶ ነው። ቆጣሪው ዜሮ ይላል።

አክስቴ ፊቷ አመድ መስሏል። ለሙከራ ከፍ ያደረገችውን ቮልት መመለስ ረስታለች። ከጠዋት ጀምሮ የተላኩት አዮኖች በሙሉ ወርቋ አጠገብ እየደረሱ ሲመለሱ ዋሉ። የሰው ዓመት ሙሉ ድካም!

«ቆጣሪውን አላዩትም?» አለችው፣ ድምጿ እየተሰበረ።

«ማስታወሻ እየጻፍኩ... ሳላየው ቀረሁ» አለ። የገረመኝ፣ አላዘነም። «ሌላ አዘጋጅቼ ልመለስ፣ ከፈቀዱልኝ።»

አክስቴ ግን ፊቷን አዞረች። «ከኔ የሚሻል ሰው ያለበት ማሽን ይፈልጉ።»

ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። አክስቴ በሩ እስኪዘጋ አልዞረችም፣ ሲዘጋ ግን ዞረች። ያየችው በሩን ብቻ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። ክረምቱን ሙሉ ዘነበ። አልደወለም፣ አልደወለችም። ቮልቱን ሄዳ ታያለች፣ ተመልሳ ታያለች፣ ኮቷን ለብሳ እንደገና ታያለች። ራት ላይ «የሰው ዕድሜ በላሁ» ትላለች ለመስኮቱ። አንዴ እንደ ጅል ሦስተኛ ሳህን አወጣሁ፣ እንዲሁ ደስ ቢለኝ። አንስታ መለሰችው። ያን ቀን ትራሴ ውስጥ አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እየሠራሁ፣ በር ላይ፦

«ሃፕሺ!»

እስክሪብቶዬ ወደቀ።

አዲስ ብልቃጥ ይዟል። ከስቷል። አክስቴ ጓንቷን ማውለቅ ረስታ ቆመች።

«ሌላ ማሽን አላገኙም?»

«አልፈለግኩም» አለ። ከዛ ወለሉን እያየ፣ «ያን ቀን ዋሽቻለሁ። ቆጣሪው ዜሮ ላይ እንደቆመ ገና ጠዋት አይቻለሁ።»

«ምን?»

«ቢያርፍ ኖሮ ማታውኑ ልሄድ ነበር። ካላረፈ ግን መመለሻ ምክንያት አገኛለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከዛ እርስዎ ‹ሌላ ይፈልጉ› ሲሉኝ... ምን አፍ አለኝ?»

አክስቴ ጓንቱን ፈልቅቃ ወረወረችበት። ደረቱን መታው! «አንተ! አንተ የማትረባ! ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ! የሰው ልፋት ገደልኩ እያልኩ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! መደወል አቅቶህ ነው? ከማቀዝቀዣ ጋር የምታወራ ሰውዬ!»

«ማቀዝቀዣውም እንደዚሁ ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ።

እያለቀሰች ሳቀች። ከዛ አፍንጫዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ብልቃጡን ከእጁ ወሰደች። ቮልቱን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ደግሞ ዝቅ አደረገችው።

«ና፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» አለችው። ማዶ አይደለም፣ አጠገቧ።

ቆጣሪው መቁጠር ጀመረ። አረፈ! ሳይሰበር አረፈ! ሁለቱም ግን አላዩትም። ያየሁት እኔ ነኝ።

ማታ ሦስተኛውን ሳህን አወጣሁ። ማንም አልመለሰው። አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እሱም ፊት ለፊቷ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ በላሁ፣ ውጭ ውጭውን እያየሁ። ወንበራችን ሁለት ብቻ ነዋ!