ማሚቶ የሌለው ቅጂ

«እስኪ አጨብጭቢ» አለች ኤልሻዳይ።

ጓደኛዋ ሉሲ አጨበጨበች። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመለሰ። በዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች ሁሉ እንደዚህ ሳሎን የሚያስተጋባ የለም፤ ዝንብ ብታስነጥስ አንድ ክፍለ ጦር ያስነጠሰ ይመስላል።

«ማሚቶውን ያጠፋል ያልሽው የእንቁላል ካርቶንሽ ምንም አልሠራም!» አለች ሉሲ።

«ቲክቶክ ላይ ሠርቷል እኮ!»

«ግድግዳው ሞልቷል፤ የቀረን ዶሮዋ ብቻ ናት።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ሰኞ የሉሲ እናት ሙሉወርቅ የጉሮሮ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ካንሰሩ የድምፅ ሳጥኗን ስለያዘው አብሮ ይወጣል። ያ ከአራተኛ ፎቅ «ሉሲ!» ሲል ቤቴል ድረስ ያሉትን ሉሲዎች በሙሉ የሚያስደነግጠው ድምፅ ያበቃል። የሁለት ዓመቱ ወንድሟ ማኑሄ አድጎ አያስታውሰውም። ሉሲ በእናታቸው ድምፅ ተረት ልታስቀዳለት ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ። በስልኳ የሞከረችው የመጀመሪያው ቅጂ ግን ከውኃ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ያየችው ድምፅ የሚውጥ የስቱዲዮ ፓነል ዋጋው ሲነገራት ሱቁን ከነባለቤቱ የሚሸጡላት መሰላት። ርካሹ ስፖንጅ ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ በወዲያ በኩል ሰው ሲያዛጋ ይታያል። መኝታ ቤት ገብታ፣ የጥጥ ፍራሿ ግድግዳ ተደግፎ በቆመበት በኩል ስታጨበጭብ ግን ድምፁ እዚያው ቀረ።

ፍራሿን ተረተረችው። ከኤልሻዳይ ጋር ጥጡን በጣውላ ፍሬሞች ውስጥ ጠቀጠቁት፤ በአሮጌ መጋረጃ ለብጠው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው። አጨበጨቡ። ማሚቶ የለም።

የሉሲ እናት ተቀምጣ ጀመረች። «አንዲት ጦጣ ነበረች...» ጦጣዋን ዛፍ ላይ እንዳወጣቻት ሉሲ ቅጂውን ከፈተችው።

ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። በቃላቱ መሃል ያለው የትንፋሿ ፉጨትም፣ ምራቅ ስትውጥ የምታፍናት ማቃሰትም። ማሚቶው ይሄን ሁሉ ሸፍኖት ነበር።

ኤልሻዳይ ወለል ወለሉን አየች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች የሉሲ እናት።

«ፓነሎቹን ላውርዳቸው እማዬ? በፊት... ሕመምሽ አይሰማም ነበር።»

«አጥፊው በቃ። ልጄን ልታስበረግጊው ነው? የፊተኛው ይቀመጥለት።»

ሉሲ ማጥፊያውን ስትነካ ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀ። የሉሲ ጣት እስክሪኑ ላይ ተንጠለጠለ። የፊተኛው ያምራል፤ ግን የማንም እናት ድምፅ ሊሆን ይችላል።

«አይ» የሚለውን ነካች። ስልኩን ወደ እናቷ አፍ ይበልጥ አስጠጋችው።

«ጦጣዋ ዛፉ ላይ ናት እማዬ። ከዚያስ?»