ቤት ነበርኩ አልልም

«አንቺ ሐሙስ ማታ ቤት ነበርሽ። የሒሳብ የቤት ሥራሽን ስትሠሪ። ገባሽ?»

የአባቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሱክዴቭ ይህን ሲላት የቆረሰውን ቂጣ በእርጎ እያጠቀሰ ነበር። ኢሽሜት በማንኪያዋ ሳህኗ ላይ ያለውን ምስር ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለች እንጂ አንድም አልጎረሰች።

«ኢሽሜት፣ አንቺን እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«መስማትሽን መች ጠየቅኩሽ? ገባሽ ወይ ነው ያልኩት።»

አባቷ ታርሴም ከጠረጴዛው ማዶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ የሚኖሩባትን የካናዳ ከተማ የብራምፕተንን ሾፌሮች ሁሉ እየቀዳ ቤቱን በሳቅ የሚያፈርስ ሰው ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ግን ሲያናግሩት እንኳ የሚሰማ አይመስልም።

ሐሙስ ዕለት ኢሽሜትን ከመረብ ኳስ ልምምድ ይዟት ሲመለስ ነው የሆነው። ጨለምለም ብሏል፣ በረዶ ይጥላል። በመንገዳቸው ጎራ ካሉበት የገበያ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ አንድ ወጣት ከሚነዳው የቤተሰቡ ቫን አፍንጫ ጋር ተላተመና ወደቀ። ታርሴም ዘሎ ወረደ። ልጁን ደግፎ አነሳው፤ በራሱ የአንገት ልብስ ከፊቱ ላይ በረዶውን ጠረገለት። በአገራቸው በፑንጃቢ ቋንቋ «ደህና ነህ ልጄ?» አለው። ልጁም «ደህና ነኝ» አለ፤ አንድ እጁን ግን በሌላው ደግፎ ይዞ ነበር። ታርሴም ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ ቫኑ ተመልሶ ገባና ነዳው። ስሙን አልተናገረም፣ ስልኩን አልሰጠም።

«አባ፣ ጥለነው ልንሄድ ነው?» አለችው ኢሽሜት ከጎኑ።

«ደህና ነኝ ብሏል እኮ።» እስከ ቤት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኢሽሜት ምን እንዳስፈራው አላጣችውም። አባቷ ለካናዳ ዜግነት አመልክቶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መሐላ እንዲፈጽም ተጠርቶ ነበር። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ፓስፖርቱን ሲይዝ ድንበር እያቋረጠ አሜሪካ ድረስ ለመጫን አስቧል። ከዚያ በላይ ግን፣ ለመዘምራን ጓድ የተመረጠ ይመስል ብሔራዊ መዝሙሩን ገላውን ሲታጠብ ሁሉ እየዘፈነ ቤተሰቡን አስመርሮ ነበር። በፍጥነት ነድቶ መቀጣት ወይም መኪና ያለቦታው ማቆም ይከፈላል፣ ይረሳል። የተጎዳ ሰው ጥሎ መሄድ ግን ወንጀል ነው። ክስ ያለበት ሰው ክሱ እስኪቋጭ ድረስ አይምልም፤ ከተፈረደበትም ለዓመታት የዜግነትን ደጅ አይረግጥም።

ትናንት ፖሊስ ደወለች። የአንዱ ሱቅ ካሜራ የቫኑን ሰሌዳ ይዞታል፤ የተጎዳውም ልጅ እጁ ተሰብሯል። የደወለችው ለጋሼ ሱክዴቭ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት መብራቱም፣ ስልኩም፣ ቫኑም በታላቅ ወንድም ስም ነው። እንዲያ ካልሆነ በእነሱ ዘንድ ቤት ቤት አይባልም። ነገ እሑድ ከምሳ በኋላ መጥታ ልታነጋግራቸው ቀጥራለች።

«እኔ ዜጋ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ» አለ ጋሼ ሱክዴቭ ጣቱን እየላሰ። «የነዳሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ቢከሱኝ ይክሰሱኝ፣ ዜግነቴን አይነጥቁኝ! ወንድም ታዲያ ለመቼ ነው?»

«ለፖሊስ መዋሸትስ ወንጀል አይደለም?» አለች ኢሽሜት።

«ወንድምን መሸፈን ውሸት ነው? እዩልኝ፣ ጠበቃ አሳድገናል ለካ!»

«ልጅቷን እንኳ ባታስገቡበት» አለች እናቷ ከምድጃው ሳትዞር። ጋሼ ሱክዴቭ ሌላ ቂጣ ቆረሰ።

ኢሽሜት ቤቱ ቢጠባት ካፖርቷን ደርባ ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለው ወደ ጓደኛዋ ወደ ራቭሊን ቤት ሄደች።

«ጫማሽን አውልቂ፤ እማዬ አሁን ነው ወለሉን የወለወለችው፣ ትበላናለች!» አለቻት ራቭሊን ገና በሩን ስትከፍት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስለ ጉርቪር ነግሬሽ የለ? ምድር ቤታችንን የተከራየው ተማሪ። ሐሙስ አንዱ ገጭቶት ላሽ አለ። እጁ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው!»

ኢሽሜት ያወለቀችውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ማነው... የገጨው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጭራሽ የኛው ሰው ነው አሉ። ምን ዓይነት ፋራ ነው ሰው ገጭቶ የሚሄደው? ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ።»

«ብርዱ ነው።»

የራቭሊን እናት ምግብ የያዘ ትሪ አስጨበጧት። «አንቺ አውርጂለት የኔ ልጅ፤ ይቺ ሰነፍ ደረጃው ላይ ትደፋዋለች።» እንቢ የምትልበት ምክንያት አልመጣላትም።

ጉርቪር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ብርቱካን ለመላጥ ይታገል ነበር። ሌላው እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሯል። ቀና ብሎ አያት፤ አላወቃትም። ትሪውን አስቀምጣ ብርቱካኑን ተቀበለችውና መላጥ ጀመረች።

«ያምሃል?» አለችው ዓይኗን ከብርቱካኑ ሳትነቅል።

«እጁስ ይድናል። ሰውየው ነው ያልገባኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ክፉ ሰው አይደለም እኮ። በረዶውን ከፊቴ ላይ የጠረገልኝ ልክ እንደ አባቴ ነው። ወደ መኪናው ሲመለስ ጥግ ሊያስይዘው መስሎኝ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩት። ጫማዬ በበረዶ እስኪሸፈን ቆሜ ስጠብቀው አይገርምሽም?»

«አባቴ ነው» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሳይወጣ ቀረ። የላጠችውን ብርቱካን ትሪው ላይ አስቀምጣ ደረጃውን በሩጫ ወጣች፤ በዚያች ሰዓት ራሷን ጠልታ ነበር።

በማግስቱ ታርሴም ደጁ ላይ የተከመረውን በረዶ በአካፋ ይዝቅ ነበር። ኢሽሜት ሌላውን አካፋ ይዛ ከጎኑ ቆመች። ጥቂት ከዛቁ በኋላ ነው የተናገረችው።

«አባ፣ ልጁን አየሁት። እነ ራቭሊን ቤት ነው የሚኖረው።»

አካፋው አየር ላይ ቀረ።

«ትመለሳለህ ብሎ ጠብቆሃል። እዚያው ቆሞ።»

ታርሴም አካፋውን በረዶው ውስጥ ሰካና ፊቱን አዞረ። «እኔስ?» አለ። «እኔስ ዘጠኝ ዓመት አልጠበቅኩም? አንድ ቀን ሳላጎድል ግብር ከፍዬ፣ አንድም ሰው ሳላስቀይም? በአንዲት ደቂቃ ጥፋት ሁሉም ነገር ውሃ ይብላው?»

አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። አሁንም እያለቀሰ መሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም። ለእሱ ስትል ማንኛውንም ነገር ልትል፣ ቤት ነበርኩ ልትልም ደርሳ ነበር። ያኔ ጉርቪር በአንድ እጁ ከብርቱካኑ ጋር ሲታገል ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት።

«አውቃለሁ አባ» አለች በለሆሳስ።

«ታዲያ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ምን ማለት እንዳለብህ አላውቅም። እኔ ግን ቤት ነበርኩ አልልም።»

ታርሴም አልተቆጣም። አካፋውን ነቅሎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እሷም አብራው ዛቀች።

ፖሊሷ እንደተባለው ከምሳ በኋላ መጣች። ቦት ጫማዋን ደጅ ላይ አራግፋ ገባችና ሳሎን ተቀመጠች። ጋሼ ሱክዴቭ ኢሽሜትን በዓይኑ ወደ ፎቅ ጠቀሳት። ኢሽሜት አልተነሳችም። እንደገና ጠቀሳት። እሷ የሶፋውን ጫፍ ጨብጣ ምንጣፉን አየች።

«ቫኑ የኔ ነው» ብሎ ጀመረ ጋሼ ሱክዴቭ።

«የእርስዎ መሆኑን አውቃለሁ» አለች ፖሊሷ። «ሐሙስ ማታ ማን ነበር የሚነዳው?»

ጋሼ ሱክዴቭ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ብሎ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ።

«እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ» አለች ኢሽሜት።

ድምፅዋ ቀጥኖ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ እናቷ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ፖሊሷ ወደ ኢሽሜት ዘንበል አለች። «ከጎንሽስ?»

ኢሽሜት ዓይኗን ወደ ምንጣፉ መለሰች። የራሷን ተናግራለች፤ የቀረው የእሷ አይደለም።

«ይቅር ጋሼ» አለ ታርሴም። ተነሳና ቆመ። «እኔ ነበርኩ የነዳሁት። ልጁን አነሳሁት፣ ከዚያ ፈራሁና ጥዬው ሄድኩ።»

«ታርሴም! አብደሃል?» ጋሼ ሱክዴቭ ብድግ ካለ በኋላ መልሶ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ሲያሳድገው የኖረውን ታናሽ ወንድሙን ለመጀመሪያ ጊዜ መሸፈን አቅቶት ነበር።

ፖሊሷ ከዚህ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል፣ ጠበቃ የመጥራት መብትም እንዳለው ለታርሴም ነገረችው። መንጃ ፈቃድና መታወቂያም ጠየቀችው። ታርሴም ከኪሱ ቦርሳውን አወጣ። መንጃ ፈቃዱን ሰጣት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱንም መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ጣቱን ግን ወዲያው አላነሳም።

«ሌላ መታወቂያ የለኝም» አለ።

ፖሊሷ ካርዱን ከጣቱ ስር ቀስ ብላ ሳበችውና ወደ ኢሽሜት ዞረች። «አሁን ከአባትሽ ጋር ብዙ የምናወራው አለን። ከፈለግሽ መውጣት ትችያለሽ።»

«ሂጂ ልጄ» አለ ታርሴም። «ይበቃሻል።»

ኢሽሜት ተነሳች። በሩንም ደረጃውንም አየቻቸው። ከዚያ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚሁ ልሁን» አለች።