አፍሬሽ ነው

አናጢው የእናቱን ሰገራ ለምርመራ ይዞ የመጣው በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በመስኮቱ ተቀበለችውና ገና ስትፈታው ሳቋ አመለጣት።

«ምነው፣ ልደቴ መሰለህ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው፣ እህቴ» አለ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ሰው ቆንጆ ሴት ጋ አበባ ይዞ ይሄዳል። የእኔ ዕድል ደግሞ ይኸው።»

ጓንት አጥልቃ ስለነበር አፏን በክንዷ ሸፈነች። ቀና ስትል ዓይኖቹ እዚያው ናቸው። አልሸሹም፤ አልደፈሩምም።

እናቱ ዳኑ። እሱ ግን ከሆስፒታሉ እግሩ አልጠፋም። አንድ ቀን የላላ ማጠፊያ ሊያጠብቅ፣ ሌላ ቀን የምትቀመጥበትን ወንበር ሊጠግን ይመጣል። የሚጠገን ሲያልቅ እንዲያው መጣ። ማምሻውን ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እሱ የእንጨት ብናኝ፣ እሷ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። እናቱም «ልጄ» ይሏት ጀመር። አብረው የሚኖሩበትን ቤት በርና መስኮት በገዛ እጁ እየሠራ ነበር።

ከዚያ በድንገት ራቃት።

ስትደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ ስትደግም አያነሳም። ሰው ከጠላ ሰበብ አያጣም ብላ አንጀቷ አረረ። ሄዳ በሩን ማንኳኳት ከሞት ባሰባት።

የመጡት እናቱ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ጫማቸውን አቀያይረው ተጫምተዋል።

«ልጄን እዚሁ ሆስፒታል አስተኙት። ሆዱን ካመመው ሰነበተ፣ ደም ያስቀምጠዋል። አንዱን ኪኒን ሲጨርስ ሌላ እየገዛ፣ ሲሻለው እያቋረጠ… ‹እንዳትነግሪያት› ብሎ አስምሎኝ ነው።»

አልጋው አጠገብ ስትቆም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ለምን?»

«አፍሬሽ ነው።»

«ሥራዬ እኮ ነው! የስንቱን ሳይ ነው የምውለው!»

«የሌላውን እዪ። እኔን ግን እንደዚህ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

ልትቆጣው አሰበች፤ አቃታት። እጁን ያዘችው፤ እንደ እሳት ይፋጃል።

የሰገራውን ናሙና ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ መረመረችው። ከናሙናው ያደገውን ባክቴሪያ በሳህን ላይ ቀባችና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ደረደረችበት። መድኃኒቱ ካሸነፈ የወረቀቱ ዙሪያ ጠርቶ ይታያል። በማግስቱ ስትከፍተው ባክቴሪያው ከዳር እስከ ዳር ተንጣሎ እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ደርሷል። ከአንዱ ወረቀት በቀር ዙሪያው የጠራ አልነበረም። ተሕዋሱም ስሙን በትምህርት ቤት ከመስማት በስተቀር በዓይኗ አይታው የማታውቀው ነው። ሳህኑን ወደ ብርሃኑ ደጋግማ አዘነበለችው። ምንም አልተለወጠም።

ሐኪሙ ውጤቱን ሲያነብ ቅንድቡን አሸ። «ይህ የሚሠራው አንድ መድኃኒት እኛ ጋ የለም። እናስመጣለን። ግን ባክቴሪያው ወደ ደሙ ገብቷል።»

መድኃኒቱ መጣ። ሰውነቱ ግን ቀድሞ እጅ ሰጥቶ ነበር።

«ውጤቱ ምን ይላል?» አላት፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«ባክቴሪያህ እንዳንተ ግትር ነው።»

ፈገግ አለ። «እንግዲህ አየሽኝ።»

«አየሁህ» አለችው፣ ግንባሩን እያበሰች። «ታምራለህ።»

ዓይኖቹን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ከቀብር መልስ ከእናቱ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ሲሠራው በነበረው ቤት፣ መዝጊያ ባልገጠመለት በር በኩል ነፋስ ይገባል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ እናቱ። «እኔን መሐላው ያዘኝ። አንቺንስ ምን ያዘሽ፣ ልጄ? ቤታችን ሩቅ አይደለም።»

«የጠላኝ መስሎኝ።»

እናቱ ያልሰሙ ይመስል ትኩር ብለው አዩዋት።

«እሱ? አንቺን?»

ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለቀሱት እናት ያኔ አለቀሱ።