ሦስት ዓመት ያልታረመው ስህተት

ዓለምዘውድ የማሽን ክፍሉን በር ስትከፍት ካሳሁን ከወንበሩ ብድግ አለ። የሻይ ብርጭቆውን ደፋው።

«ዓለሜ...»

«ወይዘሪት ዓለምዘውድ!» አለችው። «ዓለሜ የሚሉኝ ቤተሰቦቼ ናቸው።»

ከቡታጅራ ወልቂጤ የመጣችው ናፍቆት ይዟት አልነበረም። በ2005 የመስቀል ሰሞን የአውቶቡስ ማኅበሩ ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር ድረ ገጹን የሠራችው እሷ ነበረች። ሽያጩ በተከፈተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጹ ሞተ። መርካቶ ያለው ጉራጌ ሁሉ አገሩ ሊገባ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ጥፋቱ የዓለምዘውድ ነው» የሚል ቃለ ጉባኤ ተጻፈና ከሥራ ተባረረች። ከፈረሙት አንዱ የሥራ ባልደረባዋ ካሳሁን ነበር፤ በዚያው መስቀል አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን የቆረጠው ካሳሁን!

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። እሷም ቡታጅራ ሄዳ ኮምፒዩተር ማስተማር ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ትኬት በመስኮት ብቻ ሲሸጥ ኖረ። ዘንድሮ ገጹን እንደገና ሊከፍቱት ነው፤ በሙከራ ግን አንድ ገጽ ለመምጣት አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሽያጩ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ሸምሶ «በአላህ ይሁንብሽ ልጄ፣ አድኚን» ብለው ሲደውሉ ሳታንገራግር እሺ ያለችው፣ ካሳሁን ሲዋረድ በዓይኗ ለማየት ነበር።

ማሽኑ የቁም ሳጥን ያህላል። የጭነቱን፣ የጋራዡን፣ የትኬቱን ሥራ ብቻውን ተሸክሞ ይውላል። ያኔ በማሽኑ ውስጥ ድረ ገጹን ለሚያስተናግደው ክፍል፣ ለሰርቨሩ፣ የራሱን ሚሞሪ፣ ማለትም የሥራ ቦታ፣ ለይታ ሰጥታው ነበር፤ በአባቷ ቤት እንኳ ከብቱ በአንድ ወገን፣ እንግዳው በሌላ ወገን ነው። አሁን ግን ሁሉም ተደባልቋል። የጭነት ሪፖርት በተነሳ ቁጥር ሰርቨሩን ከሚሞሪው ገፍቶ ወደ ቀርፋፋው ዲስክ ያስወጣዋል። ገጹም ደርቆ ይቀራል።

ማን ደባለቀው? የማሽኑን መዝገብ ከፈተች። መስከረም 4 ቀን 2005። ገጹ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን። ለዋጭ፦ ካሳሁን።

ደስ አላት። ክፉ ደስታ ነበር። መዝገቡን በወረቀት አትማ አጠፈችው።

«ምን አገኘሽ?» አላት ከኋላዋ።

«ምንም።»

ነገ ይውደቅ፣ አለች በልቧ። ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁ ላይ ይውደቅ!

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ትኬት ሻጯ ሳሌሃ ስልክ ላይ ትጮሃለች። «አዎ እማማ፣ ነገ ይከፈታል! ... ኧረ ዘንድሮስ ቆመው አይመጡም! ... ወላሂ፣ ባይከፈት እኔ አዝልዎታለሁ!»

ዓለምዘውድ ቆመች። ቂሟ ከካሳሁን ጋር እንጂ ከመርካቶ ሰው ጋር አልነበረም። ተመለሰችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

ካሳሁን አልደነገጠም።

«ያኔ የጭነት ሪፖርቱ ዘገየ ተብዬ ነው የለወጥኩት። ማታ እመልሰዋለሁ ብዬ ረሳሁት» አለ። «ጠዋት ሲወድቅ... ፈራሁ።»

«ፈርተህ እኔን ሸጥክ!»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ማስተካከል አቃተህ?»

«ሦስት ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው፤ እችል ነበር። ካስተካከልኩት ግን መዝገቡ በአዲሱ ይተካና የድሮው ይጠፋል። ጋሽ ሸምሶን እሷን ይጥሯት ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንቺ እንድታገኚው ብዬ ተውኩት።»

አሁንም ትወደው ኖሯል። ይህም አናደዳት።

«አፍ የለህም? ማሽኑ እንዲነግረኝ ተውከው?»

ሰርቨሩን ለይታ የራሱን ሚሞሪ ሰጠችው፤ የጭነት ሪፖርቱንም ወደ ከሰዓት አዛወረችው። አርባው ሰከንድ ወደ ሁለት ወረደ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ መርካቶ እንዳለ ገባበት። ገጹ አልተነቃነቀም። «ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ ሸምሶ። ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ሻጩ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሲያጨበጭብ ወረቀቱን ለካሳሁን ሰጠችው።

«አንብብ። ጮክ ብለህ።»

አነበበ። ቀኑን፣ ስሙን፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን፦ «ዓለምዘውድ ምንም ጥፋት የለባትም። ውሸት ላይ ነው የፈረምኩት።» ጭብጨባው ቆመ። የገዛ አባቱ፣ ሾፌሩ ጋሽ ደበሌ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። ዓለምዘውድ ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልማው ነበር! በሕልሟ ግን አባትየው አልነበሩበትም።

ካሳሁን መናኸሪያ ድረስ ተከተላት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥም በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ቂም ይዘው መስቀል አይገቡም... ዓለምዘውድ።»

«አልያዝኩም። ግቢው ውስጥ አራገፍኩት።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ልላክ? አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ቡታጅራ ድረስ አብሬሽ...»

«ወንበር ካገኘህ።»

ፊቱ በራ። ስልኩን አውጥቶ ከአጠገቧ ያለውን፣ ወንበር አሥራ አራትን ነካ። ገጹ በሁለት ሰከንድ መለሰለት፦ ተይዟል።

«ማነው የያዘው?»

«እኔ ነኝ። ሁለቱንም ገዝቻለሁ።»

ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ከበሩ ወረደ።

ዓለምዘውድ ቦርሳዋን ወንበር አሥራ አራት ላይ አስቀመጠች። አውቶቡሱ ጉብሬን እስኪያልፍ ዞር ብላ አላየችም። ካለፈ በኋላ ግን ቦርሳውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ቡታጅራ እስክትደርስም እጇን ከባዶው ወንበር ላይ አላነሳችም።