አራተኛው ችካል

የቁፋሮ ማሽኑ ሲያጓራ የቤታቸው የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሚጢጢ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ተገትራለች። ትምህርት ቤት ከረፈደባት ቆይቷል፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። እንዴት ይታዘዛት? ማሽኑ የሚቆፍረው ያለቦታው እንደሆነ እዚህ ካሉት ከአባቷ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ሚጢጢ» የተባለችው ስትወለድ ከአንድ ዳቦ አትበልጥም ነበር ተብሎ ነው። ዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ እናቷን በቁመት በልጣም ስሙ አለቅ ብሏታል። የሚኖሩት በተዘጋ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው በር አጠገብ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። አባቷ ድሮ የፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ዘበኛው ነው። ቤቷ የተሰጠችው ከዘበኝነቱ ጋር ስለሆነ ሥራው ከሄደ ቤቷም ትሄዳለች።

ትናንት ከሰዓት የአፈርና የውሃ ብክለት የምታጠና ባለሙያ መጥታ ነበር። ከአጥሩ እየለካች ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ስድስት ችካሎች ተከለች። ዛሬ በየችካሉ ሥር ተቆፍሮ፣ አፈርና ውሃ ተወስዶ ሊመረመር ነው። ስትጨርስ የሚጢጢን አባት ጠየቀችው።

«የፋብሪካው ዝቃጭ የት ነበር የሚደፋው? እርስዎ የቆዩ ሠራተኛ ነዎት አሉኝ።»

«በመኪና ይወጣ ነበር፣ ኢንጂነር። እዚህ ሲቀበር አይቼ እንደሆን ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ሚጢጢ ያኔ ልብስ እያሰጣች ነበር። አባቷ ሲምል ሰምታው አታውቅም። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ጥርሷን ልትቦርሽ ስትወጣ አየችው፤ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ አራተኛውን ችካል ነቅሎ፣ ሃያ እርምጃ ቆጥሮ ወዲያ ሲተክለው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አባዬ፣ ምን እያረግክ ነው?»

«ዝም በይ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው ያዘዘኝ። እዛ ጋ ከቆፈሩ ግቢው ይታሸጋል። የት ልንወድቅ ነው? እስቲ ታናሽ ወንድምሽን አስቢው።» ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። እሷን ያስፈራትም ልመናው ነው።

አሁን ማሽኑ ጸጥ አለ። ባለሙያዋ ከቱቦው የወጣውን አፈር በጓንት እጇ ፈረካከሰችው። ቀይ፣ ንጹህ አፈር ነው።

«ይሄኛው ሰላም ይመስላል» አለች ለቆፋሪዎቹ። አባቷ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

ሚጢጢ ሳታስበው ተጠጋች። «ከመሬት በታች ያለ ውሃ ይሄዳል እንዴ?»

«ይሄዳል የኔ ቆንጆ፣ ቀስ እያለ። እዚህ ቁልቁል ወደ አጥሩ ነው የሚሄደው። መርዝ ካገኘ ይዞት ይሄዳል። ማዶ ያሉት ሰዎች የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት አይደል? ለነሱ ብለን እኮ ነው የመጣነው።»

ከአጥሩ ማዶ የጓደኛዋ የሬዲዮ ቤት ነው። ሬዲዮ የዴስክ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት አፏን ስለማትዘጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እነሬዲዮ ቤት ሲያጠኑ ከጉድጓዳቸው የተቀዳ ውሃ በጆግ ይቀርባል። አባቷ ግን ሁልጊዜ «ከቤትሽ ጠጥተሽ ሂጂ» ይላታል። እሱ ራሱ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ እያለ፣ ወገቡን እያመመው፣ በየጠዋቱ ሁለት ጄሪካን ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ቧንቧ ይቀዳል። ሲጠየቅ «የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ይላል» ነው መልሱ። እሷም ግትርነት ይመስላት ነበር።

አሁን ገባት። አባቷ ያውቅ ነበር፤ የራሱን ልጆች ሲጠብቅ ለሬዲዮ ቤተሰብ ሳይናገር ቀርቷል። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። እሱ ግን ዝናብ ሲዘንብ ትምህርት ቤት በር ድረስ ጃንጥላ ይዞ የሚመጣ አባቷ ነው። ብትናገር ቤት የለም። ዝም ብትል ነገ ከሬዲዮ ጎን እንዴት ትቀመጣለች? ያ ሰፊ ግቢ እንደዛሬ ጠቧት አያውቅም።

ቆፋሪዎቹ ማሽኑን ወደ አምስተኛው ችካል ሊወስዱ ሰንሰለት ማሰር ጀመሩ።

«ዛሬ ትምህርት የለሽም እንዴ?» አለቻት ባለሙያዋ እየሳቀች።

ሚጢጢ ወደ አባቷ ሄደች።

«አባዬ፣ ሬዲዮ ትጠጣዋለች።»

«ልጄ፣ በናትሽ...»

«አንተ ለኢንጂነሯ ንገራት። ካልሆነ እኔ እነግራታለሁ። ጠልቼህ አይደለም።»

ኮፍያውን አጠለቀ፤ መልሶ አወለቀው። ሚጢጢ ሰንሰለቱ ታስሮ እስኪያልቅ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረች።

«ኢንጂነር፣ አራተኛውን ችካል ትናንት የተከሉት እዚህ አልነበረም።»

ባለሙያዋ ካርታዋን ዘረጋች፤ ወደ መጋዘኑ ጀርባ አየች፤ ቀጥላም የሚጢጢን አባት አየችው። ቆፋሪዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ዝቃጩ የተቀበረበት ሁለት ሜትር ተኩል ይጠልቃል» አለ አባቷ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

ሚጢጢ ቦርሳዋን አውርዳ ከጎኑ ቆመች።