በቁመት ልክ

ገዢዋ ከአዲስ አበባ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «የተላከልኝ ጋቢ ለሁለት የተቆረጠ ነው።» ሻጯ የብርጓል ደግሞ ከደብረ ማርቆስ፦ «እኔ የላክሁት ሙሉ ጋቢ ነው፤ አባቴ የሸመነው።»

ሁለቱም አልዋሹም። በየብርጓል አገር፣ በቁይ፣ ጋቢ ከሸማኔ እጅ የሚወጣው ሁለት ቁራጭ ሆኖ ነው። የሚሰፋው በኋላ፣ በሚለብሰው ሰው ቁመት ልክ ነው። የብርጓል የምትሸጥበት የኦንላይን ገበያ ደንብ ግን የገዢን ፎቶ ያያል እንጂ ሻጭን አይጠይቅም። ሱቋ በዚያው ቀን ተዘጋ።

ድረስ የገበያው የደብረ ማርቆስ ዕቃ ተቀባይ ነው። ከስምንት ወር በፊት የየብርጓልን የመጀመሪያ ጋቢ ፎቶ ሲያነሳ እጆቿ አብረው ገቡበት። ለገበያው ሌላ አነሳ፤ ያንን ግን እስከ ዛሬ ከስልኩ አላጠፋውም።

«ያልተሰፋ መሆኑን ጻፍበት» ብላው ነበር ያን ዕለት።

«ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?» ብሎ ስቆባት ነበር፤ ሳይጽፈውም ቀረ።

አሁን ተመላሹ ጋቢ ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላቸው ተቀምጧል።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ምን አለ?» አለችው።

«አራት ጊዜ ጻፍሁላቸው። ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት ሻጩን ስሙት፣ ዕቃውን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ይየው አልሁ። ጥፋቱም የእኔ ነው አልሁ።»

«እሺ?»

ስልኩን አዞረላት። አራቱም መልስ አንድ ነበር፦ «ጉዳዩ ተዘግቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«‹ትዕግሥትዎ!›» አለች። «አክብረው ነው የዘጉን በለኛ!»

ድረስ መሳቅ አቃተው። ሱቁ ካልተከፈተ ባሕር ዳር፣ አክስቷ ምግብ ቤት ለሥራ እንደምትሄድ ያውቃል።

«በእኔ ስም ሌላ ሱቅ ብከፍትልሽስ?»

«ሠራተኛ መሸጥ አይችልም ያልኸኝ አንተ አይደለህ? ሁለታችንም ሥራ እንፍታ?»

«አባትሽስ ምን አሉ?»

«‹ፊቱን ከማታዪው ዳኛ ጋር እንዴት ትሟገቻለሽ?› አለኝ።»

ድረስ ሊላት የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ ጥፋተኛ ሰው «አትሂጂ» ማለት የሚችል አልመሰለውም። ዓይኑን ከጋቢው ላይ ማንሳት ፈራ።

የብርጓል ተነሣችና ሁለቱን ቁራጮች በእጇ ዘረጋቻቸው።

«ሰኞ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለች። ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «ይህን ግን ለማንም አልሸጠውም። ተነሥና ቁም፤ ልለካህ።»